ለገዛ ሌንሴ የከፈልኩት ቀረጥ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቆየ የካሜራ ሌንስ ለጥገና ወደ ውጭ አገር ልኬ ነበር። ሌንሱ የራሴ ነው፤ ለብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ ሳነሳበት ቆይቼ፣ የትኩረት ማስተካከያው ቀለበት አልዞር ብሎ ስላስቸገረኝ ብቻ ነው የላክሁት። ጠጋኙ ሥራውን በሚገባ ጨርሶ፣ በስፖንጅ ጠቅልሎና በጠንካራ ካርቶን አሽጎ መለሰልኝ። ካርቶኑ እጄ ከመግባቱ በፊት ግን የክፍያ ማስታወቂያ ደረሰኝ። የተጠየቅኩት ቀረጥና ታክስ የተሰላው በሌንሱ ሙሉ ዋጋ ላይ ነበር፤ የጥገናው ሒሳብ ከግምት አልገባም። የገዛ ንብረቴን ከውጭ እንደ አዲስ ገዝቼ እንዳስገባሁ ተቆጥሬያለሁ ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ የተናደድኩት በጉምሩክ ነበር። ከፍዬ ዕቃውን ከተረከብኩ በኋላ ግን ካርቶኑ ላይ በላስቲክ ኪስ ተለጥፎ የመጣውን ወረቀት አውጥቼ አነበብኩት። የዕቃው ዓይነት በሚገለጽበት ቦታ ላይ የተጻፈው «ሌንስ፣ 1» የሚል ብቻ ነው። ከጎኑ ጠጋኙ ዕቃው ቢጠፋ ለኢንሹራንስ እንዲሆነው የገመተው የሌንሱ ዋጋ ሰፍሯል። ተጠግኖ ወደ ባለቤቱ እየተመለሰ ስለመሆኑ፣ ስለ መለያ ቁጥሩ ወይም ስለ ጥገናው ክፍያ አንዲት ቃል የለም። እኔም ብሆን ስልከው ከአገር መውጣቱን የሚያረጋግጥ የጉምሩክ ሰነድ አላዘጋጀሁም። ያንን ወረቀት ብቻ ከፊቱ ያገኘ ሠራተኛ ከዚህ የተለየ ምን ሊወስን ይችል እንደነበር አሁንም አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ከውጭ የማስመጣቸውን ዕቃዎች ወረቀት ከዕቃዎቹ እኩል መመርመር ልማዴ ሆነ። የቀረጡን መጠን የሚወስነው በአመዛኙ ስለ ዕቃው የተጻፈው ነገር መሆኑንም በተደጋጋሚ አየሁ። ሠራተኛው ሁሉንም ካርቶን ከፍቶ ሊያይ አይችልም፤ የሚያነበው ላኪው የሞላውን ፎርምና ኢንቮይስ ነው፤ ከእነዚህም ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ይፈልጋል፦ ዕቃው ምንድን ነው፣ ዋጋው ስንት ነው፣ የተሠራው የት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። መልሱ የሚገኘው ግን የዓለም የጉምሩክ ድርጅት በሚያስተዳድረውና ሐርሞናይዝድ ሲስተም በሚባለው የታሪፍ ምደባ ውስጥ ነው። ይህ ምደባ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1988 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ በ21 ክፍሎችና በ97 ምዕራፎች ተደራጅቶ ለእያንዳንዱ ዓይነት ዕቃ ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል፤ በሥራ ላይ የሚገኙት ምዕራፎች ግን 96 ናቸው፤ 77ኛው ወደፊት ሊያስፈልግ ይችላል ተብሎ ባዶውን ተትቷል። የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች ምደባውን በሚጠቀሙ አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚጨመሩትን አሃዞችና የቀረጡን ምጣኔ እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይወስናል።

የፎቶግራፍ ዕቃ ለሚያስመጣ ሰው የምደባው ጣጣ ገና ቦርሳውን ሲከፍት ይጀምራል። የፊልም ካሜራ በምዕራፍ 90 ሥር በ9006 ይመደባል፤ ዲጂታል ካሜራ ግን ሥራው ያው ሆኖ ሳለ ከቴሌቪዥን ካሜራዎች ጋር በ8525 ሥር ይገኛል። ሌንሱ 9002 ነው፤ ጥቅል ፊልሙ 3702 ነው፤ ቦርሳው ከሻንጣዎችና ከገንዘብ ቦርሳዎች ጋር በ4202 ሥር ይገባል። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017ቱ የምደባው እትም 9620 የተባለ የራሱ ቁጥር እስኪሰጠው ድረስ ቁርጥ ያለ ማረፊያ አልነበረውም። በአንድ ትከሻ የሚንጠለጠል ዕቃ በአምስት ቦታ ተበትኖ፣ እያንዳንዱ ቦታ የራሱ የቀረጥ ምጣኔ ሊኖረው ይችላል። ላኪው እነዚህን ሁሉ ሰብስቦ «የፎቶግራፍ ዕቃዎች» ብሎ ቢጽፍ ምደባውን የሚሠራው የማያውቀው ሰው ነው፤ በጥርጣሬ የሚሠራ ሰው ደግሞ ዝቅተኛውን ምጣኔ ይመርጥልኛል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ይመስለኛል።

በምደባ ላይ ሰዎች ፍርድ ቤት እስከ መቆም ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1893 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቲማቲም ፍሬ ነው ወይስ አትክልት የሚል ክርክር ቀርቦለት ነበር፤ በ1883ቱ የታሪፍ ሕግ ከውጭ የሚገባ አትክልት 10 በመቶ ቀረጥ ሲከፈልበት ፍራፍሬ ግን ነጻ ነበር። ዳኞቹ በሥነ ዕፅዋት ቲማቲም ፍሬ መሆኑን አምነው፣ በዕለት ተዕለት አነጋገር ግን ሰው ሁሉ አትክልት ስለሚለው ቀረጡ ይከፈልበት ሲሉ በአንድ ድምፅ ወሰኑ። ለእኔ ከዚህም የሚብሰው እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ዓለም አቀፍ የንግድ ፍርድ ቤት የተወሰነው የቶይ ቢዝ ጉዳይ ነው። ይህ የመጫወቻ ኩባንያ የሚያስመጣቸው፣ ኤክስ-ሜን የተባሉ የሥዕላዊ ታሪክ መጻሕፍት ገጸ ባሕርያት መጫወቻ ምስሎች የሰው አምሳያ ናቸው ከተባለ አሻንጉሊት ሆነው 12 በመቶ፣ ሰው ያልሆነ ፍጡር ናቸው ከተባለ ግን ሌላ መጫወቻ ሆነው 6.8 በመቶ ይከፈልባቸው ነበር። ፍርድ ቤቱ ምስሎቹን አንድ በአንድ መርምሮ ሰው አይደሉም ሲል ፈረደ። ገጸ ባሕርያቱ በታሪካቸው ሁሉ ሰው ተብለን እንቆጠር እያሉ የሚታገሉ መሆናቸውን ያስታወሱ አንባቢዎቻቸው በውሳኔው ማዘናቸው የሚገርም አይደለም።

ከምደባ ደንቦቹ ውስጥ ለተራ ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ተፈታትቶ የሚላክ ዕቃ እንደ ሙሉ ዕቃ ይመደባል። ብስክሌት መንኮራኩሩና መሪው ተነቅሎ በካርቶን ውስጥ ቢመጣ ብስክሌት ነው እንጂ «መለዋወጫ» አይደለም። ያልተሟላ ዕቃም ቢሆን የሙሉውን ዋና ባሕርይ ከያዘ ሙሉ እንደሆነ ይቆጠራል። ስለዚህ «ፈታትቼ ብልከው ቀረጡ ይቀንስልኛል» የሚለው ምክር፣ ብዙ ጊዜ ሲነገር ብሰማውም፣ ትርፉ ብሎን መጥፋቱ ብቻ ነው።

ወደ ዋጋው ልምጣ። በዓለም ንግድ ድርጅት የጉምሩክ ዋጋ ትመና ስምምነት መሠረት የመጀመሪያው መነሻ ገዢው ለዕቃው በትክክል የከፈለው ወይም ሊከፍለው የሚገባው ዋጋ ነው። ይህ በሆነ ምክንያት ካልሠራ ሌሎች አምስት ዘዴዎች በቅደም ተከተል ይሞከራሉ፤ ለምሳሌ ፍጹም ተመሳሳይ የሆነ ዕቃ ለዚያው አገር በምን ያህል እንደተሸጠ ይታያል። ስምምነቱ የጉምሩክ ሠራተኛው ደረሰኙን ወደ ጎን ትቶ ዝቅተኛ የዋጋ ወለል በማስቀመጥ ወይም በዘፈቀደ እንዳይተምን ይከለክላል። ደረሰኙን የመጠራጠርና ተጨማሪ ማስረጃ የመጠየቅ መብት ግን ይተውለታል። የባንክ ማስተላለፊያውን ወይም የካርድ ክፍያውን ማስረጃ አስቀምጦ የሚጠብቅ ሰው በዚህ ጊዜ በአንድ ቀን የሚገላገለውን ጉዳይ፣ ያላስቀመጠው ሳምንታት ይመላለስበታል፤ የመጋዘን ኪራዩም እየቆጠረ ይቆያል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በስሌቱ ነው። ቀረጥ 10 በመቶ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ 20 በመቶ ነው ሲባል ሁለቱን ደምሮ 30 በመቶ አድርጎ ይይዛል። ገንዘቡ የየትም አገር ይሁንና ዕቃው 1000፣ ማጓጓዣው 150፣ ኢንሹራንሱ 10 ነው እንበል። ቀረጡን በወደብ መድረሻ ዋጋ ላይ በሚያሰሉ አገሮች መነሻው 1160 ይሆናል፤ ቀረጡ 116 ነው። ተጨማሪ እሴት ታክሱ ደግሞ የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረበት 1276 ላይ ስለሆነ 255.20 ይደርሳል። ድምሩ 371.20 ሲሆን፣ ገዢው በልቡ የያዘው 300 ነበር። በመካከሉ ኤክሳይዝ ታክስ ቢኖር እርሱም ለተጨማሪ እሴት ታክሱ መነሻ ውስጥ ይገባል። ታክስ በታክስ ላይ ተከፈለ ብሎ የሚያማርር ሰው ስሌቱን በትክክል ተረድቶታል።

ማጓጓዣው በመነሻው ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለውን የዋጋ ትመና ስምምነቱ ለአገሮቹ ትቶላቸዋል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች እስከ ኅብረቱ ድንበር ያለውን ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ሲያስገቡ፣ አሜሪካ፣ ካናዳና አውስትራሊያ ለቀረጡ ስሌት ዓለም አቀፉን ማጓጓዣ አያስገቡም። ይህ ልዩነት ከባድና ርካሽ ዕቃ ለሚልክ ሰው ቀላል አይደለም፤ የማጓጓዣው ዋጋ ከዕቃው ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ አለና።

«ስጦታ» ብሎ መጻፍስ? ስጦታም ዋጋ አለው። ከፍሎ ያልገዛው ሰው ቢደርሰውም ዕቃው በገበያ የሚያወጣው ገንዘብ ስላለ፣ የተወሰነ ጣሪያ ያለው የስጦታ ነጻነት ከሚፈቅዱ አገሮች በስተቀር ቃሉ ብቻውን የሚያስቀረው ነገር የለም፤ ነጻነቱም ቢሆን ሰው ለሰው ለሚልከው እንጂ ከሱቅ ለተገዛ ዕቃ አይሠራም። በዋስትና ተቀይሮ በነጻ የተላከ ምትክም እንዲሁ ነው። «የንግድ ዋጋ የለውም» ተብሎ ዜሮ የተጻፈበት ኢንቮይስ ይዞ የሚመጣ ዕቃ፣ እኔ እስካየሁት ድረስ፣ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ የሚከፈተው ነው። አንድ ሻጭ በአንድ ወቅት ሳልጠይቀው «ልርዳህ» ብሎ የከፈልኩትን ሩብ ብቻ ጽፎ ላከልኝ። ዕቃው ተሰብሮ ደረሰ። ኢንሹራንሱም ካሣውን የከፈለኝ በወረቀቱ ላይ በተጻፈው ሩብ ዋጋ ነው። ዋጋ ማሳነስ በጉምሩክ ሕግ ቅጣት የሚያስከትል ጥፋት መሆኑን ሳንቆጥር ማለት ነው።

ስለ ስሪት አገር አጭር ነገር ብቻ እላለሁ። ዕቃው የተላከበት አገርና የተሠራበት አገር አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ጉምሩክ የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው። በሁለት አገሮች መካከል ነጻ የንግድ ስምምነት መኖሩን ሰምቶ ከአንዱ አገር መጋዘን ያዘዘ ሰው፣ ዕቃው በሦስተኛ አገር የተሠራ ከሆነ ከስምምነቱ አይጠቀምም። በዚያው አገር የተሠራ ቢሆንም እንኳ ይህንን የሚያሳይ የስሪት አገር ማስረጃ ከሰነዶቹ ጋር ካልተያያዘ የሚሰላበት በመደበኛው ምጣኔ ነው።

ለረጅም ጊዜ ይህ ሁሉ ጥቃቅን ዕቃ የሚያዝዘውን ሰው አያሳስበውም ነበር፤ ምክንያቱም ብዙ አገሮች ከተወሰነ ዋጋ በታች ለሆነ ጥቅል ቀረጥ መሰብሰብን ከወጪው ጋር አስተያይተው ይተውት ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ያ በር እየጠበበ መጥቷል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ከ1000 የአውስትራሊያ ዶላር ያልበለጡ ዕቃዎችም የዕቃና የአገልግሎት ታክስ እንዲከፈልባቸው አደረገች። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 1 ቀን 2021 አንስቶ እስከ 22 ዩሮ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻነት አነሳ። አሜሪካ በ2016 ከ200 ወደ 800 ዶላር ከፍ አድርጋው የነበረውን ጣሪያ ከነሐሴ 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገሮች ዘጋችው፤ በዚያ ሰሞን ቀረጡን ማን ሰብስቦ ለማን እንደሚያስተላልፍ ባለመጥራቱ የበርካታ አገሮች ፖስታ ቤቶች ወደ አሜሪካ ጥቅል መቀበል ለጊዜው አቁመው ነበር። ከእንግዲህ ለአንዲት ትንሽ ቁልፍ ወይም ለአንድ ማጣሪያ መስታወትም ቢሆን ወረቀቱ በትክክል መሞላት አለበት።

ማን ይከፍላል የሚለው ጉዳይ ደግሞ ከሻጩ ጋር ቀድሞ የሚያልቅ ነው። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ የሚያወጣቸው ኢንኮተርምስ የሚባሉት ቃላት አሁን በ2020 እትማቸው 11 ናቸው፤ ለተራ ገዢ ግን ሁለቱን ማወቅ ይበቃዋል። ዲዲፒ ከተባለ ቀረጡንና ታክሱን የሚከፍለው ሻጩ ነው። ዲኤፒ ከተባለ ሻጩ እስከ መድረሻው ያጓጉዛል፤ የመግቢያው ክፍያ ግን የተቀባዩ ነው። «ማጓጓዣ ነጻ» የሚለው የሻጮች ማስታወቂያ ከሁለቱም ውስጥ አይደለም፤ ስለ ቀረጥ ምንም አይናገርም። በፈጣን መልእክት አመላላሽ በኩል የሚመጣ ዕቃ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ክፍያ አለ፦ ድርጅቱ ቀረጡን ስለ ተቀባዩ ቀድሞ ይከፍልና ለዚህ አገልግሎቱ ሒሳብ ይጠይቃል። ዕቃው ርካሽ ሲሆን ይህ የአገልግሎት ክፍያ ከቀረጡ ሲበልጥ አይቻለሁ። ማስታወቂያው ላይ ሁሉም በአንድ ድምር ስለሚመጣ ሰው ጠቅላላውን «ቀረጥ» ይለዋል፤ መንግሥት ያልወሰደውንም ገንዘብ በመንግሥት ሒሳብ ይጽፍበታል።

ወደ ሌንሱ ልመለስ። ለጥገና ወጥቶ የሚመለስ ዕቃ በብዙ አገሮች ሕግ ቀረጥ የሚከፈልበት በጥገናው ዋጋ ላይ ብቻ ነው፤ ይህ የሚሠራው ግን ሲወጣ ለጉምሩክ ተነግሮ፣ መለያ ቁጥሩ ተመዝግቦና ሲመለስ ያው ዕቃ መሆኑ ሲታይ ነው። ለኤግዚቢሽን ወይም ለሥራ መሣሪያውን ይዞ የሚዞር ባለሙያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961ዱ ስምምነት የተቋቋመውን የአቲኤ ካርኔ ሰነድ ማውጣት ይችላል፤ ይህ ሰነድ በስምምነቱ ውስጥ ባሉ አገሮች ዕቃውን ያለ ቀረጥ ለጊዜው አስገብቶ ለማስወጣት ያስችላል። የእኔ ጉዳይ በጣም ትንሽ ስለነበር ካርኔ አያስፈልገውም ነበር። የሚያስፈልገው ሳልከው የሚሞላ አንድ ቅጽና ጠጋኙ በኢንቮይሱ ላይ የሚጨምራት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበር። የከፈልኩትን ለማስመለስ አመልክቼ ነበር፤ ሌንሱ ከመመለሱ በፊት የእኔ እንደነበር የሚያሳይ ሰነድ አምጣ ተባልኩ። የነበረኝ በዚያ ሌንስ ያነሳኋቸው ፎቶግራፎች ናቸው፤ እነርሱም ማስረጃ አልሆኑም።

ባለፈው ወር ሌላ ሌንስ ለዚያው ጠጋኝ ላክሁ። በዚህ ጊዜ ሌንሱን ከነመለያ ቁጥሩ ፎቶ አንስቼ፣ የመውጫ ሰነዱን አስሞልቼ፣ ጠጋኙም ሲመልሰው እንዲገለብጠው «ለጥገና ተልኮ ወደ ባለቤቱ የሚመለስ፣ ያገለገለ የካሜራ ሌንስ» የሚለውን ከመለያ ቁጥሩ ጋር በወረቀት ጽፌ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጥኩለት፤ የሌንሱን ዋጋና የጥገናውን ሒሳብ ለየብቻ እንዲጽፍም ጠየቅሁት። ካርቶኑን ከማሸጌ በፊት በጠረጴዛ መብራት ሥር ሌንሱንና ቅጹን ጎን ለጎን አድርጌ ቁጥሩን እንደገና ሳነብ፣ በቀለበቱ ላይ 8 የሆነውን አንዱን አሃዝ እኔ 6 ብዬ ጽፌው አገኘሁ። ቅጹን ቀድጄ አዲስ ሞላሁ።